አሳታሚ የሌለው ደራሲ

ሞያሌ ላይ መኪና መስመር ይቀይራል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሻሸመኔ፣ በዲላ፣ በቡሌ ሆራና በያቤሎ አድርጎ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀኙን ይዞ የመጣ የጭነት መኪና ድንበሩን እንደተሻገረ ግራውን ይይዛል፤ ከናይሮቢ በኢሲዮሎና በማርሳቢት በኩል ያንኑ ያህል መንገድ ግራውን ይዞ የመጣውም ወደ ሰሜን ሲያልፍ ወደ ቀኝ ይገባል። በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በይፋ በተመረቀው የጋራ የድንበር ኬላ የሁለቱ አገሮች የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሠራተኞች በአንድ ጣሪያ ሥር ይሠራሉ፤ መንገደኛው የመውጫውንም የመግቢያውንም ማኅተም የሚያስመታው አንድ ቦታ ቆሞ ነው። በኬንያዋ ሞያሌ ገበያ ብርና ሽልንግ ጎን ለጎን ይመነዘራሉ፤ የቦረና አፋን ኦሮሞ፣ ሶማልኛ፣ ቡርጂኛ፣ ስዋሂሊና አማርኛ በአንድ የሽያጭ ክርክር ውስጥ ይፈራረቃሉ። ሰዓት እንኳ አያጣላም፤ ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር «ሦስት ሰዓት ላይ ሻይ እንጠጣ» ብለው የተቀጣጠሩ ሁለት ነጋዴዎች ከየትኛውም ወገን ቢመጡ ይገናኛሉ። እህሉም፣ ጨርቁም፣ ወተቱም፣ ሰውም ያልፋል። በሁለቱ አገሮች መካከል እንደ ልቦለድ መጽሐፍ ትንሽ የሚሻገር ዕቃ ማግኘት ግን ያስቸግራል።

ከደቡብ በኩል የሚመጣው ልቦለድ እስከ ኬንያዋ ሞያሌ ድረስ ይደርሳል። ደንብ ልብስ ለብሰው በጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚያቀኑት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለማጠናቀቂያ ፈተና የሚያነቡት የታወጀ ልቦለድ አላቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ቦታ የሄንሪ ኦሌ ኩሌት «ብሎሰምስ ኦፍ ዘ ሳቫና» ነበር። ስለ ሁለት የማሳይ እህትማማቾች የተጻፈ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ በማግስቱ ዓመት የጆሞ ኬንያታን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘ መጽሐፍ ነው። ደራሲው መጽሐፉን በጆንያ ጠቅልሎ በማርሳቢት አውቶቡስ አልላከውም። አንድ ድርጅት ረቂቁን ተቀብሎ፣ አርሞ፣ በገዛ ገንዘቡ አሳትሞ፣ በገዛ መኪናውና በገዛ ወኪሎቹ አሰራጭቶታል። ከሰሜን በኩል ያለው የአማርኛ ልቦለድ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ስሙ የናኘ ቢሆን እንኳ ወደ ድንበሩ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በመንገደኛ ሻንጣ ነው። የልዩነቱ ምክንያት የመንገዱ ርቀት አይደለም፤ ርቀቱ እኩል ነው። የአንባቢ ብዛትም አይደለም፤ በኋላ እንደምናየው። የኢትዮጵያ ልቦለድ ደራሲ ያጣው በእሱና በአንባቢው መካከል ቆሞ ኪሳራውን የሚሸከምለት ሰው ነው፤ ማለትም አሳታሚ። የቀረው ችግር ሁሉ፣ ከእርማት ግድፈት እስከ ስርጭት እጦት፣ ከዚህ አንድ ጉድለት ይመነጫል የሚል ነው የዚህ ጽሑፍ ክርክር።

ማስረጃው ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጾች ይጀምራል። በናይሮቢ የወጣ ልቦለድ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ሲገለጥ የአሳታሚው ስምና የፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ አንዳንዴም በካምፓላና በዳሬሰላም ያሉት ቅርንጫፎቹ አድራሻ ተደርድሮ ይገኛል። የአማርኛው ልቦለድ በዚሁ ቦታ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ይላል፤ «የመጀመሪያ እትም» ይልና ዓመተ ምሕረቱን ያስከትላል፤ ከዚያም፣ በብዙዎቹ ላይ፣ የደራሲው የራሱ የሞባይል ስልክና ኢሜይል ይታያል። ገለጥ ሲደረግ የምስጋናው ገጽ ይመጣል። ረቂቁን ያነበቡ ወዳጆች፣ ጽሑፉን በኮምፒውተር የለቀሙ እህቶች፣ ሽፋኑን ያለ ክፍያ የሠራ ጓደኛ፣ ለማተሚያው ያበደሩ ዘመዶች በስም ይመሰገናሉ። ይህ ገጽ እንደ ጨዋነት ምልክት ብቻ ከታየ ይባክናል። በአግባቡ ካነበቡት የአንድ ያልተቋቋመ ድርጅት የሠራተኞች ዝርዝር ነው፤ አራሚው፣ ለቃሚው፣ ዲዛይነሩና ባንኩ ሁሉም እዚያ አሉ፤ ሁሉም ግን የሠሩት በፍቅርና በይሉኝታ ነው።

ቋንቋችንም ይህንኑ ይመሰክራል። በአማርኛ ደራሲ መጽሐፍ «አሳተመ» እንላለን። ግሱ አስደራጊ ነው፤ ማተሚያ ቤቱን እንዲያትም ያደረገው፣ የከፈለውና ያመላለሰው ደራሲው ራሱ ነው ማለት ነው። «መጽሐፍ ወጣለት» ማለት አልለመድንም፤ የሚያወጣለት ስለሌለ። ልማዱ ከመነሻው ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል የታወቀው፣ ለዘርፉ ስሙን ሳይቀር የሰጠ መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን አማርኛ አንባቢ ካለበት አገር ባሕር ተሻግሮ የታተመ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከዚህ አልፈው «ጎሐ ጽባሕ» የተባለውን ማተሚያ ቤት እስከማቋቋም ደረሱ፤ ደራሲ ማተሚያ መሣሪያ ካልያዘ መጽሐፉ እንደማይቆምለት የተረዱ ይመስላል። ከአማርኛ ወጣ ብንልም ያው ነው። በኦነሲሞስ ነሲብ የተመራው የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅድስት ክሪሾና በሚባል ቦታ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያወጡ በአገሪቱ ታላቁ ማተሚያ ቤት ብርሃንና ሰላም ከአርባ ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። ማተሚያ ነበር፤ አሳታሚ አልነበረም። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ አድርገን ማየታችን እስከ ዛሬ ዋጋ ያስከፍለናል።

የሁለቱን ልዩነት እንደ ዳኛቸው ወርቁ ሕይወት ጥርት አድርጎ የሚያሳይ የለም። አንድ ደራሲ፣ አንድ አገር፣ ሁለት ልቦለዶች ናቸው። «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. አዲስ አበባ ታተመ፤ በአማርኛ ልቦለድ ታሪክ አወቃቀሩ ከተለመደው በእጅጉ የወጣ፣ አንባቢን የሚፈታተን መጽሐፍ ነው። በመጻሕፍት ዝርዝር ላይ የአሳታሚ ስም በሚፈለግበት ቦታ የሚገኘው የማተሚያ ቤት ስም ነው። «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» የተባለውን የእንግሊዝኛ ልቦለዱን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ሃይነማን አወጣው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 በተጀመረውና ቺኑዋ አቼቤ ለአሥር ዓመታት ያማከረው በታወቀው «የአፍሪካ ጸሐፊዎች» ተከታታይ ውስጥ። ያው የዳኛቸው ብዕር፣ ያው የሸዋ ገጠር፣ ያው ከሥርዓቱ ጋር የተፋጠጠ ጥርጣሬ። ሁለተኛው መጽሐፍ ግን በለንደንና በናይሮቢ መደርደሪያ ላይ ከኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ከአቼቤ ጎን ተቀመጠ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምም «ዘ አፈርሳታ»ን በዚያው ተከታታይ አውጥቷል። በሌላ አነጋገር፣ በ1960ዎቹ ኬንያዊ አንባቢ የኢትዮጵያን ልቦለድ ማግኘት ይችል ነበር፤ መንገዱ ግን በሞያሌ ሳይሆን በለንደን ዞሮ ይመጣ ነበር። «የቋንቋው ጉዳይ ነው፤ እንግሊዝኛ ስለሆነ ነው» የሚል ካለ ግማሽ እውነት አለው። ሌላኛው ግማሽ ግን «አደፍርስ»ን በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ አገር፣ ለራሱ አንባቢ ደብረ ሲና ወይም ጎንደር ወይም ሞያሌ የማድረስ ሥራ የማን እንደነበር መመለስ አለበት። የማንም አልነበረም።

ገንዘቡን እንይ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው። አንድ ደራሲ 3,000 ቅጂ ቢያሳትምና እያንዳንዱ 200 ብር ቢያስወጣው 600,000 ብር ይፈልጋል፤ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ሥራውን ለመጀመር ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። መጽሐፉን በ400 ብር አውጥቶ መደብሩና አዟሪው 30 በመቶ ቢወስዱ በአንዱ ቅጂ 280 ብር ይደርሰዋል። ያወጣውን ብቻ ለመመለስ 2,143 ቅጂ መሸጥ አለበት፤ ለጻፈባቸው ዓመታት አንድ ሳንቲም ሳያገኝ። ናይሮቢ ውስጥ ያለ ደራሲ በ1,000 ሽልንግ የሚሸጥ መጽሐፍ ኖሮት የተለመደውን 10 በመቶ ገደማ ቢዋዋል፣ 3,000 ቅጂ ሲሸጥ 300,000 ሽልንግ ይደርሰዋል። ገንዘቡ ቶሎ አይመጣም፤ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው የሚሰላው። ነገር ግን መጽሐፉ ሳይሸጥ ቢቀር ቤቱን አላስያዘም፣ የእህቱን ዕቁብ አልበላም። የኢትዮጵያው ደራሲ ከተሳካለት የሚያገኘው ድርሻ ትልቅ መሆኑ እውነት ነው፤ ካልተሳካለት ግን ሁለተኛውን መጽሐፍ የሚጽፍበት አቅም አብሮ ይሄዳል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ብር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከዶላር አንጻር የዋጋውን ግማሽ ያህል አጣ። የማተሚያ ወረቀት ከውጭ በዶላር የሚገባ ነው። ረቂቁን በሰኔ የጨረሰ ደራሲ ለማሳተም መስከረምን ቢጠብቅ የተቀበለው ዋጋ ሌላ ነበር፤ ያንን ልዩነት የሚጋራው ማንም ሰው በውሉ ውስጥ የለም።

ገንዘቡ ጽሑፉን ራሱን እስከመቁረጥ ይደርሳል። መጽሐፍ የሚታተመው በነጠላ ገጽ አይደለም፤ አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለት ወገን ታትሞ፣ ታጥፎና ተቆርጦ 16 ገጽ ይወጣዋል፤ ይህን አንድ እጥፍ እንበለው። 256 ገጽ ያለው ልቦለድ ልክ 16 እጥፍ ነው። ጽሑፉ 258 ገጽ ከመጣ ግን ሁለቱ ትርፍ ገጾች ሌላ እጥፍ ይጠራሉ፤ ያ እጥፍ በሦስት ሺህ ሲባዛ ብዙ ብር ነው። አሳታሚ ያለው ደራሲ ይህ ጉዳይ ጆሮው ላይደርስ ይችላል፤ ገጽ ቀንባሪው ከአርታኢው ጋር ተነጋግሮ ይጨርሰዋል። ብቻውን የሚያሳትመው ግን ኮምፒውተሩ ፊት ከለቃሚው አጠገብ ቁጭ ብሎ ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል፤ ፊደሉን ማሳነስ ወይም ሁለት ገጽ መሰረዝ። ከሁለት ዓመት በፊት እንባ እየተናነቀው የጻፈውን ስንብት ለወረቀት ሲል ያወጣዋል። ፊደሉ ተጨናንቆ፣ ጠርዙ ጠቦ፣ ዓይን የሚያደክሙ የአማርኛ ልቦለዶች በመደርደሪያዎቻችን ላይ ሞልተዋል። አንባቢ «ጥራት የለውም» ብሎ ያልፋቸዋል፤ የሆነው ግን ጥበቡን የሚያውቀው ሰው ሒሳብ ያዥ እንዲሆን መገደዱ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሳል። ራሱ የሚያሳትም ደራሲ ነጻ ነው፤ ማንም ገብቶ «ይህን ምዕራፍ አውጣ፣ ያንን ገጸ ባሕርይ አትግደል» አይለውም ይባላል። ይህን ክርክር ማቃለል ስህተት ነው፤ ሥሩ ጥልቅ ነውና። እስከ ጥቅምት 1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ድረስ በኢትዮጵያ የደራሲን ረቂቅ በሥልጣን የሚያነብ አንድ ሰው ነበር፤ ሳንሱር። ቀይ እርሳስ የያዘ እጅ ማለት ከልካይ እጅ ነበር። ስለዚህ ለብዙ ትውልድ ደራሲ «ረቂቅህን ሌላ ሰው ይመልከተው» ሲባል የሚታወሰው እርዳታ ሳይሆን ምርመራ ነው። አርታኢ የሚባል ሙያተኛ በመካከላችን ሳይበቅል የቀረው፣ ከሚመስለው ሰው ጋር ስለተምታታ ጭምር ነው። ሁለቱን ግን የሚለያቸው ለማን እንደሚሠሩ ነው። ሳንሱር የሚያነበው ጽሑፉ ማንን እንደሚያስቆጣ ለማወቅ ነው፤ አርታኢ የሚያነበው አንባቢው የት ላይ እንደሚሰለች ለማወቅ ነው። አርታኢ ተቃውሞውን በግልጽ ይናገራል፤ ደራሲውም እምቢ ማለት ይችላል። ሳንሱር ጠፋ፤ በቦታው ግን ማንም አልመጣም። የአማርኛ ልቦለድ ዛሬ የሚሰቃየው በተቆረጡ ምዕራፎች ሳይሆን መቆረጥ ሲገባቸው ባልተቆረጡ ምዕራፎች ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ «አሳታሚማ ነበረን፤ ኩራዝ»። እውነት ነው። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት መጻሕፍትን በብዙ ቅጂ እያሳተመ፣ በርካሽ እየሸጠ፣ ከአዲስ አበባ ውጪ ባሉ ከተሞች ጭምር እያሰራጨ ከዚያ በፊት ያልታየ ሥራ ሠርቷል። ያ ዘመን አንባቢ አፍርቷል፤ ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን የኩራዝ ታሪክ በ1975 ዓ.ም. ከወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ተለይቶ አይነገርም። ስለ ኤርትራው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የተጻፈው ይህ ልቦለድ ገበያ ላይ በዋለ ባጭር ጊዜ ውስጥ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሹመቱ ተነሳ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አሳታሚው የመንግሥት ነበርና መጽሐፉን የሚከላከልበት አቋምም አቅምም አልነበረውም፤ ያው ያወጣው እጅ መልሶ ሰበሰበው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት «አሳታሚ አያስፈልግም» የሚል ሆኖ ቆይቷል። ትክክለኛው ትምህርት ግን ሌላ ነው፤ አሳታሚ ከባለ ሥልጣን ካልተለየ አሳታሚ አይደለም።

ከድንበሩ ማዶ በዚያው ዘመን የሆነውን ማየት ይህን ያጠራዋል። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1978 ካሚቲ እስር ቤት ውስጥ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በኪኩዩ ቋንቋ ልቦለድ ጻፈ። ይህንኑ ልቦለድ «ካይታኒ ሙታራባ-ኢኒ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1980 ናይሮቢ ያወጣው የሃይነማን ቅርንጫፍ ነበር፤ ኃላፊው ሄንሪ ቻካቫ ይባላል። ቻካቫ መጽሐፉን እንዳያወጣ ዛቻ ደረሰበት፤ ከዛቻም አልፎ ጥቃት ተፈጸመበትና ጣቱ ክፉኛ ተጎዳ። መጽሐፉ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ የንጉጊ «ማቲጋሪ» በፖሊስ ከመደብሮች ሲሰበሰብም ቻካቫ ከሥራው አልተነቀለም፤ ድርጅቱም በኋላ በኬንያውያን እጅ ገብቶ ስሙን ለውጦ ቀጠለ። የኬንያ መንግሥት በዚያ ዘመን ከደርግ ጋር በጭካኔ የሚወዳደር አልነበረም፤ ንጽጽሩ ይህን መዘንጋት የለበትም፤ አዲስ አበባ ላይ እንደ ቻካቫ የቆመ ሰው ምን ይደርስበት እንደነበር መገመት አያዳግትም። ቁም ነገሩ በደራሲውና በኃይለኛው መካከል አንድ ሌላ አካል መኖሩ ነው። ስለ መጽሐፉ የመጣው ዱላ መጀመሪያ ያረፈው እሱ ላይ ነው። በዓሉ ግርማ ግን ከፊቱ የቆመለት ማንም አልነበረም።

ኬንያን እንደ ገነት አድርጎ ማቅረብም አይገባም፤ ሦስተኛው ተቃውሞ ይህ ነውና። የናይሮቢ አሳታሚዎች የሚኖሩት በመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ ልቦለድ የሚያወጡት በትርፍ እጃቸው ነው። በመማሪያነት ያልታወጀ ልቦለድ ሞያሌ የመድረስ ዕድሉ ከአማርኛው ብዙም አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሕግ በመጻሕፍት ላይ 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጥል አሳታሚዎቹ በምሬት ጮኸዋል። እዚያም ረቂቁ ሦስት አራት ጊዜ ተመልሶበት በራሱ ገንዘብ ያሳተመ ደራሲ አለ። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ሆኖም የመማሪያ መጽሐፍ የሚጭነው መኪና ልቦለድንም ይጭናል። ገቢ የሚያስገኘው መጽሐፍ የማያስገኘውን ይደጉማል፤ የአሳታሚነት ጥበብ ማለት በአብዛኛው ይኸው ነው። አንድ ደራሲ አንድ መጽሐፍ ይዞ ይህን ማድረግ አይችልም። አሥር መጻሕፍት የያዘ ድርጅት ሰባቱ ከስረው በሦስቱ ሊተርፍ ይችላል፤ አንድ መጽሐፍ የያዘ ሰው ግን አንዴ ይከስርና ያበቃል። የእኛ ሥርዓት ኪሳራን የሚያከፋፍልበት መንገድ የለውም፤ በእያንዳንዱ ደራሲ ጫንቃ ላይ ሙሉውን ይጭነዋል።

«አንባቢ የለም» የሚለው አባባል ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለተደጋገመ ማስረጃ የማይጠየቅበት ሆኗል። ማስረጃው ግን ተቃራኒውን ይላል። ተዋናዩ ውጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው የሬዲዮ ፕሮግራም ሲተርክ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር ለልቦለዱ ፍቅረኞች ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል አልቅሷል፤ ታሪኩ ወረቀት ሊደርስበት ያልቻለ ቦታ በድምፅ ደረሰ። «ኦሮማይ» ከተሰበሰበ በኋላ በድብቅ ከሽፋን ዋጋው በብዙ እጥፍ ይሸጥ ነበር። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» በመጽሐፍ መልክ እስኪታተም ለረጅም ዓመታት በቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ኖሯል። ኬንያ ውስጥም የንጉጊ የኪኩዩ ልቦለድ የመጀመሪያ 5,000 ቅጂ ለዓመታት ይበቃል ተብሎ ሲጠበቅ በአንድ ወር ገደማ አልቆ፣ በዚያው ዓመት 15,000 ደርሷል፤ በመጠጥ ቤት አንድ ሰው ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው ብርጭቆውን እየሞላለት ይሰማ ነበር። እነዚህ አንባቢ የሌለው ሕዝብ ታሪኮች አይደሉም። በየጊዜው አንባቢው መጽሐፉን ፈልጎ ሄዷል፤ በሬዲዮ፣ በድብቅ ገበያ፣ በእጅ ቅጂ፣ በመጠጥ ቤት። መጽሐፉን ወደ አንባቢው የሚያመጣው ሰው ነው የጎደለው።

ዛሬ ቴሌግራም ይህን ሰው ተክቷል የሚሉ አሉ። ስልክ ያለው ሁሉ፣ ሞያሌም ይሁን ሚኒሶታ፣ የአማርኛ ልቦለድ በሰከንድ ያወርዳል። መሸከሙን ተክቷል፤ መክፈሉን ግን አልተካም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲው መብት ሰጥቶታል፤ መብቱን ይዞ አንድ ሺህ አባላት ያሉትን ቻናል እየተከታተለ የሚከስስለት ግን የለውም። አሳታሚ ያለው ደራሲ ጠበቃም አለው። የሌለው ደግሞ መጽሐፉ ከምረቃው ሳምንት በኋላ ፎቶ ተነስቶ ሲለቀቅ «ቢያንስ ተነበበልኝ» ብሎ ራሱን ያጽናናል፤ 2,143ኛውን ቅጂ የሚሸጥበት ቀን ግን ይርቃል።

ታዲያ ከየት ይጀመር? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት፣ መጀመሪያው የግድ አዲስ አበባ መሆን የለበትም የሚል ነው። ሞያሌ ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። አፋን ኦሮሞ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ይነገራል፤ በሁለቱም ወገን የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ከያቤሎ ሰው ጋር የማርሳቢትና የኢሲዮሎ ቦረና አንድ ገጽ ማንበብ ይችላል። የሃይማኖት ድርጅቶች ይህን ከገባቸው ቆይቷል፤ የቦረናው መጽሐፍ ቅዱስ ኬንያ ውስጥ የታተመውና ድንበሩ ሳይከለክለው አንባቢ ያገኘው ከኋላው ገንዘብ የሚያወጣ፣ የሚያርም፣ የሚያጓጉዝ ማኅበር ስለነበረው ነው። ለልቦለድ እንዲህ ያለ ትንሽ ቤት ቢቋቋም፣ ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ አርታኢ፣ በናይሮቢ መንገድ ላይ የሚያስተላልፍ አንድ ወኪልና በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የሚያስተላልፍ ሌላ ቢኖረው፣ በዓመት አራት አምስት መጽሐፍ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ቢያወጣ፣ ገበያው ከመነሻው የሁለት አገር ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ገቢ አይኖረውም፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሚታገሥ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ይህን ገንዘብ በውጭ አገር ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መጠየቅ አያሳፍርም። ለአንድ ደራሲ የመጽሐፍ ምረቃ አዳራሽ ተከራይቶ በአንድ ምሽት የሚያልቀው ብር ሁለት መጽሐፍ የሚያርም ሰው ሊቀጥር እንደሚችል የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

«ኦሮማይ» እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ፤ መጀመሪያ ከታተመ ከአርባ ዓመት በላይ በኋላ። ኬንያዊ አንባቢ አሁን በዓሉን ማግኘት ይችላል። መጽሐፉ የሚመጣለት ግን እንደ ዳኛቸው ጊዜ ሁሉ ከለንደን ወይም ከኒውዮርክ ነው፤ በአየር ላይ ከሞያሌ መንገድ ከፍ ብሎ ያልፋል። ከታች፣ ከጋራ ኬላው ፊት፣ ከአዲስ አበባ የመጣው መኪና ወረቀቱን አስጨርሶ ይነሳል፤ ሾፌሩ መሪውን ወደ ግራ ይጠመዝዝና የኬንያን መንገድ ይይዛል። ጭነቱ ሽንኩርት ነው፣ ባቄላ ነው፣ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ከኋላ ደግሞ የመጻሕፍት ካርቶን የሚያስገባ ቦታ አያጣም።